የደሴቱ ቀን እና የወይኑ ቀን

በግፍ በተሠራ መልካም ነገር መደሰት ይቻላል ወይ? የተሰረቀ በግ ሥጋው እንደማንኛውም በግ ይጣፍጣል፤ መጣፈጡ ግን ለመብላት ፈቃድ አይሆንም። እዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። የበጉ ባለቤት ጎረቤት ነው፤ በሩን አንኳኩቶ መመለስ ይቻላል። ነገሩ የሚከብደው የሰረቀውም የተሰረቀበትም ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያልፋቸው፣ ከዚያ ሁሉ የቀረው ደግሞ የሚያምር ግቢ፣ ነጭ ቤት፣ የዛፍ ጥላና ጥሩ ወይን ጠጅ ሲሆን ነው። ለማን ይመለሳል? ማን ይመልሳል? ለአንድ ቀን በእንግድነት የመጣ ሰው ብርጭቆውን ሲያነሳስ ምን እያደረገ ነው?

ይሄን ጥያቄ ያነሳሁት በመጽሐፍ አይደለም። አባዬ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ ወጣ። ከኢትዮጵያ ውጭ ረግጦ አያውቅም። እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመሥራት ነው፤ ሁለት ዓመት አጠራቀምኩና አባዬን፣ እማዬንና የሕግ ተማሪዋን ታናሽ እህቴን ይዤ ኬፕ ታውን ሄድን። ለምን ኬፕ ታውን? ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ አባዬ የኮልፌ ልጅ ስለሆነ ማንዴላን እንደ ሰፈሩ ሰው ነው የሚቆጥረው፣ እማዬ ደግሞ ባሕር ማየት ፈልጋለች።

መርሃ ግብሩን በኤክሴል ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስምንት ቀን፤ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ የወይን አገር። ስለ ኬፕ ታውን የሚጽፍ የትኛውንም የጉዞ መመሪያ ብታዩ አከፋፈሉ ያው ነው። አንድ ጠዋት በኬብል ካር ወደ ቴብል ማውንቴን፣ አንድ ቀን ሮበን ደሴት፣ አንድ ከሰዓት የዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም። ከዚያ መኪና ይከራዩና ሁለት ሦስት ቀን ስቴለንቦሽና ፍራንሽሁክ። ሚዛናዊ ይመስላል። ለሐዘንም ቀን አለው፣ ለደስታም ቀን አለው። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለዚህ አከፋፈል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማው

ኬፕ ታውን የተቆረቆረችው ለመርከብ ስንቅ ማቀበያ ነው። የሆላንድ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በ1652 ያን ቫን ሪቤክ የሚባል ሹም ላከ። ሰውየው አትክልት ተከለ፣ ወይንም ተከለ። በየካቲት 2 ቀን 1659 በኬፕ የመጀመሪያው ወይን እንደተጠመቀ በማስታወሻው ጽፏል፤ የደቡብ አፍሪካ ወይን የልደት ቀኑን የሚቆጥረው ከዚህ ነው። የልደት ቀኑን በትክክል የሚያውቅ የወይን አገር በዓለም ላይ ብዙ የለም፤ በየቅምሻ ቤቱ በኩራት ይነግሩሃል።

እምብዛም የማይነገረው ሌላ ቀን አለ። በባርነት የተያዙ ሰዎችን በብዛት የጫነችው የመጀመሪያዋ መርከብ ኬፕ የደረሰችው በመጋቢት 1658 ነው። ሰዎቹ አንጎላውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ገና ልጆች። ማለትም ባሪያዎቹ ከወይኑ በአንድ ዓመት ይቀድማሉ። ከዚያ በኋላ ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ፣ ከህንድ፣ ዛሬ ኢንዶኔዥያ ከምንላቸው ደሴቶች እየተጫኑ መጡ። ኩባንያው የራሱን ባሪያዎች የሚያሳድርበትን ቤት በ1679 ሠራ። ሕንጻው ዛሬም በከተማው መሐል፣ ኩባንያው አትክልት ከተከለበት የአትክልት ስፍራ አጠገብ ቆሞ ሙዚየም ሆኗል።

እዚያ ሙዚየም ውስጥ ስሞች ታያለህ። ፌብሩዋሪ፣ ሴፕቴምበር፣ ኤፕሪል። ጌቶቹ ለገዟቸው ሰዎች ስም ማውጣት ሲሰለቻቸው የወር ስም ይሰጧቸው ነበር፤ ወይም የተገዙበትን አገር፣ “የቤንጋሉ”፣ “የማዳጋስካሩ” እያሉ። እነዚያ የወር ስሞች እስከ ዛሬ በኬፕ የቤተሰብ ስም ሆነው ይገኛሉ። እህቴ ግድግዳው ፊት ቆማ ሃያ ደቂቃ ያህል አነበበች። እማዬ አንዱን ስም በጣቷ እየተከተለች በእንግሊዝኛ ፊደል ቆጥራ ስትጨርስ “ልጅ ሲወለድ እናቱ ያወጣችለት ስም ይኖረዋል እኮ” አለች። መልስ የሰጣት አልነበረም።

ዲስትሪክት ሲክስም ሄድን። ሠፈሩ በ1966 “የነጮች ብቻ” ተብሎ ታወጀ፤ ከ60,000 በላይ ሰዎች እየተነሱ ከከተማ ራቅ ወዳለ አሸዋማ ሜዳ ተወሰዱ፣ ቤቶቹ በቡልዶዘር ፈረሱ። ሙዚየሙ ወለል ላይ የድሮው ሠፈር ትልቅ ካርታ ተዘርግቷል፤ የቀድሞ ነዋሪዎች ቤታቸው የነበረበት ላይ ስማቸውን ጽፈውበታል። በማግስቱ ጀልባ ይዘን ሮበን ደሴት ተሻገርን። እስር ቤቱን የሚያስጎበኝህ እዚያው ታስሮ የነበረ ሰው ነው። ማንዴላ ከ27 ዓመት እስሩ 18ቱን ያሳለፈበትን ክፍል፣ ዓይኑን የጎዳውን የኖራ ድንጋይ ማውጫ ያሳይሃል። የእስረኛ ምግብ እንኳ በዘር ይከፋፈል እንደነበር፣ ለጥቁሮቹ ዳቦ እንደማይሰጥ ሲነግረን አባዬ ባርኔጣውን አወለቀ።

ሁላችንም አዘንን። እውነተኛ ሐዘን ነበር፤ አልቀልድበትም። ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይቻላል፦ ሙዚየም ለሐዘን የተዘጋጀ ቦታ ነው። ትኬት ቆርጠህ ትገባለህ፣ ታዝናለህ፣ በሌላ በር ትወጣለህ፣ በሩ ላይ ቡና ቤት አለ። ሐዘኑ የራሱ ክፍል ስላለው ሌላውን ቀን አይነካም። በእኔ ሰንጠረዥ ላይ ደሴቱ ማክሰኞ ነበር፤ ወይኑ ሐሙስ።

የወይኑ አገር

ስቴለንቦሽ ከኬፕ ታውን በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሹፌራችን የሆሳዕና ልጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ኖሯል፤ እንደብዙዎቹ የአገራችን ልጆች መጀመሪያ በጥቁሮች ሠፈር ትንሽ ሱቅ ነበረችው፣ አሁን መኪና ይነዳል። አባዬን “ጋሼ”፣ እማዬን “እትዬ” እያለ መንገዱን ሁሉ አጫወተን።

ቦታው ቆንጆ ነው። ይሄን ሳልሸራርፍ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ክርክሩ ሁሉ የሚቆመው ውበቱ እውነተኛ በመሆኑ ላይ ነው። ተራሮቹ ቀጥ ብለው ይነሳሉ፣ ከሥራቸው የወይን ማሳው በመስመር በመስመር ይወርዳል፣ በመሐል ፊታቸው የተጠማዘዘ ነጫጭ ቤቶች አሉ። የአገሩ ሰዎች ኬፕ ደች የሚሉት አሠራር ነው። የኦክ ዛፎቹ መንገዱን ከላይ ገጥመውታል። በ1679 ስቴለንቦሽን በራሱ ስም የሰየማት ሲሞን ቫን ደር ስቴል ነው፤ በ1685 ደግሞ ለራሱ ኮንስታንሺያ የሚባለውን እርሻ መሠረተ። ናፖሊዮን በሴንት ሄሌና ግዞት ሳለ ያስመጣ የነበረው ጣፋጭ ወይን ከዚያ አካባቢ ነው። የሚገርመው ይሄው ሲሞን ቫን ደር ስቴል ራሱ በእናቱ በኩል ከባርነት ነጻ ከወጣች ህንዳዊት ሴት ይወለዳል። ታሪክ እንደምንፈልገው በሁለት ረድፍ ተሰልፎ አይጠብቀንም።

የገባንበት ግቢ ውስጥ ሁለት ነጭ ምሰሶዎች ላይ የተሰቀለ ደወል ነበር። ሙሽሮች ከሥሩ ፎቶ ይነሳሉ። እንዲህ ዓይነት ደወል በብዙ አሮጌ እርሻዎች አለ፤ ባሪያዎቹን ሥራ የሚያስገባና የሚያስወጣ ደወል ነበር።

ቅምሻው አምስት ብርጭቆ ነው። አስተናጋጇ በፈገግታ እያፈራረቀች ትቀዳለች፤ የትኛው ተዳፋት ላይ እንደበቀለ፣ ስንት ወር በርሜል ውስጥ እንደተኛ ትነግርሃለች። እህቴ ሦስተኛውን ብርጭቆ ሳትነካ ገፋ አደረገችው።

“ከትናንት ወዲያ ደሴቱ ላይ አልቅሰን ዛሬ እዚህ ‘የእንጆሪ ሽታ አለው’ እንላለን?” አለች። “ይሄን ጓዳ የቆፈሩት ሰዎች ስማቸው ሴፕቴምበር የነበሩት ናቸው እኮ።”

“አንቺ ልጅ፣ ባትጠጪው ለማን ይጠቅማል?” አለች እማዬ። “መጠጡ ምን በደለ? የደከመበት ሰው ቢኖር ሲደፋ ሲያይ ነው የሚያዝነው።”

አባዬ እንደ ልማዱ ጥያቄውን ሰፋ አደረገው። “እንዲህ ከቆጠርሽ በዓለም ላይ የሚቀር ቆንጆ ነገር የለም። ላሊበላን ሌሊት ሌሊት መላእክት ረዱ እንላለን፤ ቀን ቀን የፈለፈሉትን ግን ማን ጠየቀ? ታዲያ አንሳለም?”

ሹፌሩ ስለሚነዳ አይጠጣም፤ ከኛ ጋር ቁጭ ብሎ ምሳ እየበላ ነበር። “ጋሼ፣ እኔ ይሄን በር መቶ ጊዜ እንግዳ አድርሼበታለሁ፤ ተቀምጬ ስበላ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። እዚህ የሚሠሩት ሰዎች እናንተ ባትመጡ ነገ ሥራ የላቸውም። የእናንተ ማዘን እነሱን አያበላም።”

አራት ሰው፣ አራት መልስ። ሆቴል ተመልሼ ሳስበው አራቱም አንድ አንድ እውነት ይዘው ነበር፤ ግን የየራሳቸውን ጥያቄ ነው የመለሱት። እማዬ ስለ ዕቃው ተናገረች፦ ወይኑ ኃጢአት የለበትም። ልክ ናት። አባዬ ስለ ዓለም ተናገረ፦ ንጹሕ የሆነ ውርስ የለም። እሱም ልክ ነው፤ ነገር ግን “ሁሉም የቆሸሸ ነው” ከሚለው ተነስተን “እንግዲያው ስለየትኛውም አንጠይቅ” ወደሚለው ለመድረስ ድልድይ የለም። ሁሉም ቤት አቧራ አለው ማለት መጥረግ አያስፈልግም ማለት አይደለም።

የሹፌሩ መልስ ከሁሉም የሚከብድ ነው፤ ምክንያቱም የሚያወራው በሕይወት ስላሉ ሰዎች ነው። ሆኖም ሥራ መኖሩ ብቻውን መልስ አይሆንም። በኬፕ ባርነት በታህሳስ 1 ቀን 1834 በሕግ ቀረ፤ የቀድሞ ባሪያዎች ግን “ልምምድ” በሚል ስም አራት ዓመት እዚያው ሠርተው ነው በ1838 የተለቀቁት። የእንግሊዝ መንግሥት ካሳ ከፈለ፤ የከፈለው ግን ለጌቶቹ ነው። መሬትም ገንዘብም ያልነበራቸው ሰዎች የት ይሂዱ? ብዙዎቹ ለዚያው እርሻ ተቀጠሩ። በዚያ ላይ ዶፕ የሚባል ልማድ ነበር፦ የሠራተኛው ክፍያ ከፊሉ በወይን ነው፣ በቀን ብዙ ጊዜ እየተቀዳ ይሰጠዋል። ርካሽ ወይን፣ ለገበያ የማይሆነው። ዶፕ በሕግ ከተከለከለ በኋላም ለረጅም ዓመታት ቀጥሏል። እናቶቻቸው በጠጡት አልኮል ገና በማሕፀን ሳሉ የተጎዱ ልጆች ቁጥር በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ከፍተኛዎቹ መካከል የሚገኘው ዛሬም በዚሁ ምዕራባዊ ኬፕ ነው። በዶፕ ዘመንም እኮ ሥራ ነበር። እንግዲህ “ሰራቂውም የተሰረቀበትም ሞተዋል” ያልኩት ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ደወሉ ዝም ብሏል እንጂ ነገሩ ገና አላለቀም።

የእህቴ መልስ ደግሞ ልቤን የነካው እሱ ነው፤ ስለዚህ ጠንከር አድርጌ ልፈትነው። ብርጭቆውን መግፋት ምን ያስከፍላል? ምንም። ወይኑ ተከፍሎበታል፣ ባለቤቱ ገንዘቡን አግኝቷል፣ ሠራተኛው አላተረፈም አልከሰረም። የተገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የገፋው ሰው ንጹሕ እንደሆነ ይሰማዋል። በትንሽ ዋጋ የተገዛ ንጽሕና ያጠራጥረኛል። በሌላ በኩል ሳትጠይቅ የምትጠጣውም ጠጪ እንደዚሁ ንጽሕና እየገዛ ነው፤ የእሱ መግዣ “አላውቅም” የምትለው ቃል ናት። አንዱ በመተው፣ አንዱ ባለማወቅ፣ ሁለቱም “እኔን አይመለከተኝም” ወደሚል ቦታ ይደርሳሉ።

ያልጻፍከው ኮድ

በእኔ ሥራ ይሄ የየቀን ችግር ነው። አንድ ድርጅት ስትቀጠር አሥር ዓመት ሙሉ ሰው ሲጽፈው የኖረ ኮድ ትወርሳለህ። ግማሾቹ ጸሐፊዎች ለቀዋል። የባንክ ሒሳብ የሚያሰላው ክፍል ውስጥ አንድ ሰው የሆነ ቀን በችኮላ የከተተው ስሕተት አለ። ሌሊት ሲስተሙ ሲወድቅ ስልክ የሚደወለው ለጻፈው ሰው አይደለም፤ ዛሬ ለሚጠብቀው ሰው ነው። “እኔ አልጻፍኩትም” ብትል ማንም አይከራከርህም፤ አልጻፍከውማ። ግን ደመወዝህ የሚመጣው ከዚያ ኮድ ነው።

ጥፋተኝነትና ኃላፊነት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ጥፋት ባለቤት አለው፤ ከሠራው ሰው ጋር ይሞታል። ኃላፊነት ግን ከጥቅሙ ጋር ይወረሳል። ጥቅሙን የወሰደ፣ አብሮ የመጣውን ሥራ “የኔ አይደለም” ማለት አይችልም።

ጊት የሚባለው መሣሪያ ውስጥ ብሌም የምትባል ትእዛዝ አለች፤ “ውቀስ” እንደማለት ነው። እያንዳንዱን መስመር ማን፣ መቼ እንደጻፈው ታሳይሃለች። ስሟ ክፉ ነው እንጂ ማንም ለወቀሳ አይጠቀምባትም። የምንጠቀምባት መስመሩ ለምን እንደተጻፈ ለማወቅ ነው። ስም ከሌለ ምክንያቱ ይጠፋል፤ ምክንያቱ ከጠፋ ደግሞ የሚነካው ሰው ሳያውቅ ያበላሻል። የወይን ጠርሙስ ላይ ዓመቱ፣ የፍሬው ዓይነት፣ ተዳፋቱ፣ የባለቤቱ ቤተሰብ ስም ከነአርማው አለ። የመስመሩ ጸሐፊዎች ብቻ የሉም።

በወይኑ መሐል ያለው እስር ቤት

ቅዳሜ ከፍራንሽሁክ ወደ ፓርል እየሄድን ሹፌሩ መኪናውን ዳር አስያዘ። ከበሩ ፊት ቀኝ እጁን ጨብጦ ያነሳ የማንዴላ ሐውልት ቆሟል። ያኔ ቪክተር ቨርስተር ይባል የነበረው እስር ቤት ነው። ማንዴላ የመጨረሻዎቹን አሥራ አራት ወራት እዚህ ግቢ ውስጥ በአንድ ቤት ታስሮ፣ የካቲት 11 ቀን 1990 በዚህ በር በእግሩ ወጣ። ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየው ያ እርምጃ በደሴቱ ላይ ሳይሆን በወይን እርሻዎች መሐል የተደረገ ነው።

አባዬ ከመኪናው ወርዶ ረጅም ጊዜ ቆመ። ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ የውትድርና ትምህርት የተማረው ኮልፌ ነበር፤ አባዬ በልጅነቱ ይሄን ከሰፈር ሽማግሎች እየሰማ ነው ያደገው። በአባዬ ሐሳብ የማንዴላ ታሪክ ከኮልፌ ተነስቶ ደሴት ላይ ያለቀ ነበር። “ታዲያ የወጣው ከዚህ ነው?” አለ። “ከወይኑ መሐል?”

የእኔ ሰንጠረዥ ላይ የማክሰኞና የሐሙስ አጥር የፈረሰው በዚህች ጥያቄ ነው። ደሴቱና ወይኑ ሁለት አገር አይደሉም። እስረኛው የታሰረበት ሕግና ማሳው የታረሰበት ሕግ አንድ ነበር። ቱሪስት ሆነህ ስትከፋፍላቸው ለራስህ ምቾት ትከፋፍላለህ፤ ቦታው ግን አልተከፋፈለም። ግቢው ውብ የሆነው ግፉ እንዳለ ሆኖ ነው፤ ግፉም የተፈጸመው ውበቱ መሐል ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ነው የሚያቅተን፤ ስለዚህ በቀን እንለያቸዋለን።

የጠጁ ነገር

እዚህ ላይ ብጨርስ ጽሑፉ ስለ ነጮች ኃጢአት ይሆናል፤ ለኛ ደግሞ ከዚህ የሚቀል ርእስ የለም። ነገሩን ወደ ቤት የመለሰችው እማዬ ናት።

የመጨረሻው ማታ የተከራየነው ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። አባዬ ከገዛነው ቀይ ወይን ትንሽ ጠጥቶ ስለ አያቱ ቤት ማውራት ጀመረ። ይሄን ወሬ ስንወለድ ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ሸዋ ውስጥ የነበረው ሰፊ ግቢ፣ በፋሲካ የሚሰበሰበው ሰው፣ የአያትየው ጠጅ ስንት አገር ድረስ ይወራለት እንደነበር። “እንዲህ ያለ ወይን ቢጠጡ ኖሮ ይስቁ ነበር” አለ። በቅሏቸውንም አነሳ፤ “ዳማ” ትባል ነበር፣ እሳቸውን ብቻ ነው የምታስጠጋው።

እማዬ ብርጭቆዋን እያዞረች “ያን ጠጅ ግን ማን ነበር የሚጥለው?” አለችው።

አባዬ ወዲያው መለሰ። “አንዲት አሮጊት ነበረች። ጓዳ ነው የምትውለው። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ስሄድ በጣሳ ብርዝ ትሰጠኛለች።”

“ዘመድ ናት?”

“አይ። ከድሮ ጀምሮ እዚያው ቤት ነበረች። ከደቡብ ነው ያመጧት ይባላል፤ በልጅነቷ።” እዚህ ላይ ቆመ። ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ዓመቶቹን ለራሱ ሲደምር አየሁት። በኢትዮጵያ ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን እንድታጠፋ ቃል ገብታ ነበር፤ አዋጅ ግን ጓዳ ድረስ ለመግባት ጊዜ ይፈጅበታል። ነጻ ወጡ የተባሉ ብዙ ሰዎች መሄጃ ስላልነበራቸው እዚያው ቤት ቀሩ። በኬፕም የሆነው እንደዚሁ ነበር።

“ስሟ ማን ነበር?” አለች እህቴ።

አባዬ አላወቀም። የበቅሎዋን ስም ያውቃል።

ይሄን የምጽፈው አባቴን ለማሳጣት አይደለም፤ ጽሑፉን አንብቦ ይውጣ ያለው ራሱ ነው። የምጽፈው ያን ማታ ያየሁት ነገር በየቤታችን ያለ ስለመሰለኝ ነው። ብርዟ ውስጥ የነበረው ደግነት እውነተኛ ነው። የጠጁም ዝና እውነተኛ ነው። አባዬ በአያቱ ቤት የነበረው ደስታ ውሸት አልነበረም፤ አሁን ይውደም የሚል ሰው ልጅነቱን ነው የሚወስድበት። ግን ያ ደስታ ሰባ ዓመት ሙሉ ሲወራ አንድ ሰው እየጎደለ ነበር፤ ጎድሎ የነበረውም ያለ እሷ ወሬው ራሱ የማይኖር ሰው ነው።

ከእንግዳ የሚጠበቅ

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዴት እመልሰዋለሁ? መደሰት ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ደስታን መከልከል ለሞተው አይደርሰውም፤ ለሚኖረውም አይጠቅመውም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ደስታ ሥራ አለበት። ሥራው ሦስት ይመስለኛል።

አንደኛው መጠየቅ ነው። “ማን ሠራው?” የምትል ቀላል ጥያቄ፣ ለአስተናጋጇም ለባለቤቱም፣ በትሕትና። በስቴለንቦሽ የጠየቅናት ልጅ አልተከፋችም። የሴት አያቷ እዚያው እርሻ ላይ ፍሬ ትለቅም እንደነበር ነገረችን፤ ይሄን ስትናገር ስለ በርሜል ስትናገር ከነበረችው ሌላ ሰው ሆነች። ማንም እንግዳ ጠይቋት እንደማያውቅ ነው የነገረችን።

ሁለተኛው ገንዘብህ የት እንደሚሄድ ማየት ነው። የሹፌሩ እውነት እዚህ ጋ ይገባል። ዛሬ ሠራተኞች የመሬት ወይም የትርፍ ድርሻ ያላቸው እርሻዎች አሉ፤ ደቡብ አፍሪካም በፌርትሬድ ምልክት የሚሸጥ ወይን በብዛት ከሚያመርቱ አገሮች አንዷ ናት። ፍጹም አይደለም፤ ምልክት የተለጠፈበት ሁሉ ጻድቅ ነው አልልም። ግን ብርጭቆ ከመግፋት ይልቅ ጠርሙስ መምረጥ ለሰው ይደርሳል። ትንሽ ድካም ይጠይቃል፣ ትንሽ ዋጋም ይጨምራል፤ እኔ ደግሞ ምንም ከማያስከፍል ንጽሕና ይልቅ ትንሽ የሚያስከፍል ኃላፊነት ይሻለኛል።

ሦስተኛው ቀኖቹን አለመለያየት ነው። ደሴቱ ላይ ቆሞ ባሕሩ ቆንጆ እንደሆነ ማየት ነውር አይደለም፤ እስረኞቹም ያዩት ነበር። ወይኑ መሐል ተቀምጦ ደወሉን ማስታወስም ደስታን ማበላሸት አይደለም። እህቴ ቅዳሜ ማታ በረንዳው ላይ ጠጥታለች። ማንም አላሸነፋትም፣ ሐሳቧንም አልቀየረችም። “አሁን ስለምናወራበት ነው” አለች።

አዲስ አበባ እንደተመለስን አባዬ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ለሆነ ታላቅ እህቱ ደወለ። አክስቴ ሴትየዋን በደንብ ታስታውሳታለች፤ የምትጠራበትንም ስም ነገረችው። ያ ስም ግን ጌታ ለባሪያው የሚያወጣው ዓይነት ነው፤ የሚያወድሰውም ባለቤትየዋን ሳይሆን ጌታውን ነው። ስለዚህ እዚህ አልጽፈውም። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቅ ከኛ ቤተሰብ የለም፤ ልጅ ትውለድ አትውለድም ገና እየጠየቅን ነው። አባዬ ግን በዚህ ዓመት ፋሲካ ስለ አያቱ ግቢ ሲያወራ ከጓዳው ነው የጀመረው። ወሬው ረዘም አለ፣ አንዳንድ ዘመድም ቅር አለው። ጠጁ እንደተቀዳ ነበር፤ ጠጣን።